የደረጃው መብራት ከላይም ከታችም ይብራ

ውድ እናቶችና እህቶች፣ በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አመጋገብ፣ ስለ ልብስ አያያዝ፣ ስለ ጓዳና ስለ ማጀት ብዙ ጊዜ ተወያይተናል። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ግን ከብዙዎቻችን እጅ ርቆ፣ «ይህስ የወንዶች ሥራ ነው» እየተባለ ሲታለፍ የኖረ ነው። ይኸውም የቤት መብራት፣ በተለይም ከሁለት ቦታ የሚበራና የሚጠፋ፣ ብርሃኑም ከፍና ዝቅ የሚል የደረጃ ወይም የኮሪደር መብራት ነው። ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል። በአንድ ቤት ያደረሰውን ጉዳት ስትሰሙ ግን ትንሽ አለመሆኑን ትረዱታላችሁ።

በጳውሎስ የሆነው

ጳውሎስ ሰፈር፣ ከሆስፒታሉ አጥር አለፍ ብሎ ወደ ውስጥ በሚያስገባው መንገድ፣ አንድ ፎቅ ያለው አሮጌ ቤት ይገኛል። በቤቱ ውስጥ የሚኖሩት አንዲት ነርስ እህታችን፣ ሁለት ልጆቿና 75 ዓመት ያለፋቸው እናቷ ናቸው። መኝታ ክፍሎቹ ላይ ናቸው፤ መጸዳጃ ቤቱና ማድ ቤቱ ታች። አባወራው በሕይወት ሳሉ በደረጃው ላይ ሦስት አምፖሎች አሰቅለው፣ አንድ ማብሪያ ከደረጃው ግርጌ፣ አንድ ማብሪያ ደግሞ ከደረጃው አናት አስገጥመው ነበር። የታችኛው ማብሪያ እንደ ራዲዮ ድምፅ መቆጣጠሪያ የሚዞር ነው። ወደ ቀኝ ሲዞር ብርሃኑ ይጎላል፤ ወደ ግራ ሲዞር ይደበዝዛል። ሲጫኑት ይበራል፤ ደግመው ሲጫኑት ይጠፋል። ባለሙያዎች «ዲመር» የሚሉት ይህንን ነው።

ለዚህ ቤት ዲመሩ ጌጥ አልነበረም። እህታችን ሳምንት በሳምንት የሌሊት ተራ አላት። ማታ ወደ ሥራ ስትወጣ የደረጃውን መብራት ዝቅ አድርጋ ትተወዋለች። ብርሃኑ ሙሉ ቢሆን የልጆቹ ክፍል በር ሥር ገብቶ እንቅልፍ ይነሣቸዋል፤ ጨርሶ ቢጠፋ ደግሞ እናቷ በሌሊት ሲወርዱ ደረጃው አይታያቸውም። ደብዘዝ ያለው ብርሃን የሁሉንም ችግር አቃሎ ብዙ ዓመት አገለገለ።

ከጊዜ በኋላ እህታችን የኤሌክትሪክ ወጪ ለመቀነስ ብላ ሦስቱንም ቢጫ አምፖሎች አውልቃ በምትካቸው ነጫጭ የኤል.ኢ.ዲ. አምፖሎች አደረገች። ሐሳቧ መልካም ነበር። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ብርሃኑን ዝቅ ባደረገች ቁጥር አምፖሎቹ ይርገበገባሉ፤ ዲመሩም እንደ ንብ ድምፅ ያሰማል። «ማብሪያው ተበላሸ» ብላ ጠጋኝ ጠራች። ሰውየው በግማሽ ሰዓት ውስጥ አሮጌውን ነቅሎ አዲስ ተከለላትና ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። 

አዲሱ ማብሪያ ያምራል፤ መብራቱም ይበራል። ከሁለት ቀን በኋላ ግን አንድ እንግዳ ነገር ታየ። የላይኛው ማብሪያ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም። ታች ካልበራ በስተቀር ላይ ቢጫኑት መልስ የለም። እህታችን ሥራ ስለበዛባት «በኋላ አሳየዋለሁ» ብላ አሳደረችው። 

አንድ ሌሊት ትልቁ ልጅ ውሃ ሊጠጣ ወርዶ ሲመለስ ታች ያለውን ማብሪያ አጠፋው። እናት ሌሊቱን ተነሡ። በደረጃው አናት ላይ ቆመው እንደ ልማዳቸው ማብሪያውን ተጫኑ፤ አልበራም። ደግመው ተጫኑ፤ አልበራም። «መብራት ሄዷል ማለት ነው» ብለው ግድግዳውን እየዳሰሱ ወረዱ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ደረጃዎች ሳቱ። የግራ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። ልጃቸው የሌሎችን በሽተኞች ስታስታምም አድራ፣ ጠዋት የገዛ እናቷን ይዛ ወደ ሕክምና ሄደች።

«ያ ማብሪያ መበላሸቱን እያወቅሁ ሳምንት ሙሉ ዝም ማለቴ ያንገበግበኛል» አለችን እህታችን። እኛም ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን ይኸው ቃሏ ነው። ሌላ እናት በሌላ ደረጃ ላይ እንዳትወድቅ፣ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

አንድ መብራት፣ ሁለት ማብሪያ

ተራ መብራት አንድ ማብሪያ አለው። ወደ ማብሪያው አንድ ሽቦ ይገባል፣ አንድ ሽቦ ይወጣል። ሲበራ ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ሲጠፋ ይለያያሉ። ነገሩ እንደ ድልድይ ነው፤ ድልድዩ ሲነሣ መንገዱ ይቋረጣል።

ከሁለት ቦታ የሚታዘዝ መብራት ግን አሠራሩ ይለያል። በእያንዳንዱ ማብሪያ ጀርባ ሦስት የሽቦ መያዣዎች አሉ። በሁለቱ ማብሪያዎች መካከል ደግሞ በግድግዳው ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት ሽቦዎች ተዘርግተዋል። ይህን ለመረዳት በሁለት አደባባዮች መካከል ሁለት መንገድ እንዳለ አስቡ። አንዱ መንገድ በላይ፣ አንዱ በታች ይሄዳል። በእያንዳንዱ አደባባይ አንድ ትራፊክ ፖሊስ ቆሟል። የመጀመሪያው ፖሊስ መኪናውን በላይኛው ወይም በታችኛው መንገድ ይለቀዋል፤ ሁለተኛው ፖሊስም ከሁለቱ አንዱን መንገድ ብቻ ከፍቶ ይቀበላል። ሁለቱ ፖሊሶች አንድ መንገድ ከመረጡ መኪናው ያልፋል፣ መብራቱም ይበራል። የተለያየ መንገድ ከመረጡ መኪናው ይቆማል፣ መብራቱም ይጠፋል። ስለዚህ ከሁለቱ ማናቸውም ሐሳቡን ቢቀይር የመብራቱ ሁኔታ ይቀየራል። ላይ ሆነን ታች ያበራነውን የምናጠፋው በዚህ ዘዴ ነው።

ከሦስቱ መያዣዎች አንዱ ዋናው ነው። ፖሊሱ ራሱ የቆመበት አደባባይ ማለት ነው። በአንደኛው ማብሪያ ላይ ከቆጣሪ የመጣው ኃይል ያለው ሽቦ በዚህ ዋና መያዣ ይገባል፤ በሌላኛው ማብሪያ ላይ ወደ አምፖሉ የሚሄደው ሽቦ ከዋናው መያዣ ይወጣል። የቀሩት ሁለት ሁለት መያዣዎች የሁለቱ መንገዶች ጫፎች ናቸው። በዕቃው ጀርባ ላይ በላቲን ፊደል ዋናው «ኮም» ወይም «ኤል» ብቻ ተብሎ ሲጻፍ፣ የቀሩት ብዙ ጊዜ «ኤል 1» እና «ኤል 2» ይባላሉ፤ በአንዳንዶቹ ላይ በቀስት ምልክት ይታያሉ።

እንግዲህ የጳውሎሱ ጠጋኝ ያጠፋው ጥፋት እዚህ ላይ ነው። አሮጌው ዲመር ባለ ሦስት መያዣ ነበር። እርሱ የገዛው አዲሱ ግን ለተራ መብራት የተሠራ፣ ሁለት መያዣ ብቻ ያለው ነው። ሦስት ሽቦ፣ ሁለት መያዣ! ሰውየው ዋናውን ሽቦና ከሁለቱ መንገዶች አንዱን አገናኝቶ፣ ሦስተኛውን ሽቦ በናስትሮ ጠቅልሎ ወደ ግድግዳው ከተተው። በዚህ ጊዜ ከሁለቱ መንገዶች አንዱ ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ ታች ያለው ማብሪያ ከጠፋ ላይ ያለው ምንም ማድረግ አይችልም። ላይ ያለው ወደ ተዘጋው መንገድ ከዞረ ደግሞ ታች ያለው ቢጫኑት አይበራም። አሮጊቷ በጨለማ የተጫኑት ማብሪያ እንዲህ ያለ ነበር።

አምፖሉስ ለምን ተርገበገበ?

አሁን ወደ መጀመሪያው ምክንያት እንመለስ። እውነቱን ለመናገር አሮጌው ዲመር አልተበላሸም ነበር። ከአዲሶቹ አምፖሎች ጋር አልተስማማም እንጂ።

የዛሬው ዓይነት በግድግዳ ላይ የሚተከል ዲመር እ.ኤ.አ. በ1959 ጆኤል ስፓይራ በሚባል አሜሪካዊ የተፈለሰፈ ነው። ከዚያ በፊት በቴአትር ቤቶች ብርሃን የሚደበዝዘው ኃይሉን በትልልቅ ተቃዋሚ ሽቦዎች ውስጥ በማሳለፍ ነበርና፣ የተቀነሰው ኃይል ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይባክን ነበር። አዲሱ ዘዴ ግን ኃይሉን አያቃጥለውም፤ ይቆራርጠዋል። በአገራችን በቤት ውስጥ የሚገባው ኃይል 220 ቮልት ሲሆን፣ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ዲመሩ በሰከንድ 100 ጊዜ እየዘጋና እየከፈተ ከእያንዳንዱ ግማሽ ምልልስ ጥቂቱን ብቻ ያሳልፋል። ቢጫው አምፖል የጋለ ክር ስለሆነ በዚህች ቅጽበት አይቀዘቅዝም። ስለዚህ ዐይናችን የሚያየው ለስለስ ያለ ብርሃን ነው።

የኤል.ኢ.ዲ. አምፖል ክር የለውም። በሆዱ ውስጥ ኃይሉን የሚያስተካክል ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ አለ። ለዚህ ሥራ ካልተዘጋጀ በቀር የተቆራረጠውን ኃይል በትክክል አይቀበለውም፤ ይርገበገባል፣ ያፏጫል፣ ዕድሜውም ያጥራል። 

ሌላም ምክንያት አለ። ዲመር የሚሸከመው ከፍተኛ ጭነት ብቻ ሳይሆን ዝቅተኛ ጭነትም አለው። ለምሳሌ በጀርባው «60–400 ዋት» የሚል ከተጻፈ፣ ከ60 ዋት በታች ከሆነ በደንብ አይሠራም ማለት ነው። የእህታችንን ሒሳብ እንሥራው። ቀድሞ ሦስት ባለ 60 ዋት አምፖሎች ነበሩ፤ 3 ሲባዛ በ60፣ 180 ዋት። አሁን ሦስት ባለ 9 ዋት ሆኑ፤ 3 ሲባዛ በ9፣ 27 ዋት። ባለ 9 ዋቱ ኤል.ኢ.ዲ. የሚሰጠው ብርሃን ከባለ 60ው ቢጫ አምፖል ጋር የሚቀራረብ ስለሆነ ቁጠባው እውነተኛ ነው። ዲመሩ ግን 27 ዋት አነሰው።

ይህ ችግር በብዙ ቤቶች ያለ ነው። በ2001 እና በ2002 ዓ.ም. አካባቢ የያኔው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኃይል ቆጣቢ አምፖሎችን ለደንበኞቹ ማከፋፈሉን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ያ ጠምዘዝ ያለው ቆጣቢ አምፖል ከነጭራሹ ለዲመር የሚሆን አልነበረም። ከእርሱ በኋላ ኤል.ኢ.ዲ. መጣ። አምፖሉ ሁለት ጊዜ ሲለወጥ ግድግዳው ላይ ያለው ማብሪያ ግን በብዙ ቤት የአባቶቻችን ዘመን እንደሆነ ቀረ። ስለዚህ መብራታችሁ ከተርገበገበ ማብሪያውን ከመንቀል በፊት አምፖሉን መርምሩ። በካርቶኑ ላይ ለዲመር እንደሚሆን ካልተጻፈ፣ ወይም የዲመር ምልክት በመስመር ተሰርዞ ከታየ፣ ጥፋቱ የአምፖሉ ነው።

የሁለተኛዋ ባለሙያ ሥራ

እህታችን ከእናቷ አደጋ በኋላ ሌላ ባለሙያ ፈለገች። የመጣችው በቴክኒክ ትምህርት ቤት የኤሌክትሪክ ሙያ የተማረች አንዲት ወጣት ሴት ናት። አሮጊቷ እጃቸው በጀሶ እንደታሰረ ሲያዩአት «ልጄ፣ አንቺ ነሽ መብራት የምትሠሪው?» ብለው ተገረሙ። «እኔ ነኝ እማማ፤ ይቀመጡ፣ ሲያልቅ እርስዎ ራስዎ ይሞክሩታል» አለቻቸው። እኛም በቦታው ተገኝተን ሥራዋን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተመለከትን። ያየነውን በቅደም ተከተል እናቀርባለን። ይህን የምናቀርበው ሁላችሁም ካቻቢቴ ይዛችሁ ግድግዳ እንድትከፍቱ አይደለም። ሥራው ሙያና ፈቃድ ላለው ሰው የሚተው ነው። ነገር ግን ትክክለኛውን ሥራ የምታውቅ እናት በቤቷ የሚሠራውን መቆጣጠር ትችላለች።

አንደኛ፣ ኃይሉን ከቆጣሪው ሥር ካለው ብሬከር አጠፋች። የግድግዳውን ማብሪያ ማጥፋት አይበቃም። ከሁለት ቦታ በሚታዘዝ መብራት ላይ አምፖሉ ጠፍቶም ቢሆን በማብሪያዎቹ መካከል ካሉት ሽቦዎች አንዱ ኃይል ይዞ ይቆያል። ከዚያም ብሬከሩ ላይ «ሰው እየሠራ ነው፣ አትንኩ» የሚል ወረቀት ለጠፈች። በግቢው ሰርቪስ ቤት ተከራዮች ስላሉ ለእነርሱም ነገረቻቸው። 

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለን። አንዳንድ ሰዎች መብራት ሲሄድ «አሁን ደህና ነው» ብለው ማብሪያ ወይም ሶኬት ይፈታሉ። ይህ ሕይወት የሚያሳጣ ስሕተት ነው። የሄደው መብራት መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ሲመጣም ደወል አይደውልም። መብራት ቢሄድም ብሬከሩ ሳይወርድ ሽቦ አይነካም።

ሁለተኛ፣ ቴስተሯን በመጀመሪያ ኃይል ባለበት ቦታ ሞክራ መሥራቱን አረጋገጠች፤ ቀጥላም ዲመሩን ከግድግዳው አውጥታ ሦስቱንም ሽቦዎች አንድ በአንድ ፈተሸች፤ በመጨረሻም ቴስተሯን ዳግም ኃይል ባለበት ቦታ ሞከረች። «ቴስተሩ ራሱ ተበላሽቶ ቢሆን ኃይል የለም ብሎ ይዋሸኛል» ስትል አስረዳችን። በአሮጌ ቤቶች ሽቦ ተለዋውጦ ሊገኝ ስለሚችል፣ በሽቦው ቀለም ብቻ አትተማመንም።

ሦስተኛ፣ የሽቦዎቹን አቀማመጥ በስልኳ ፎቶግራፍ አነሣች። የትኛው ዋናው ሽቦ እንደሆነ ከለየች በኋላ በላዩ ላይ ቁራጭ ናስትሮ ለጠፈችበት። ይህች ትንሽ ምልክት የሥራው ሁሉ ቁልፍ ናት። ሁለቱ የመንገድ ሽቦዎች እርስ በርሳቸው ቢለዋወጡ ችግር የለም። ዋናው ሽቦ ከአንዱ ጋር ከተለዋወጠ ግን የጳውሎሱ ዓይነት ግራ የገባው መብራት ይፈጠራል።

አራተኛ፣ ቀድሞ የመጣው ሰው ጠቅልሎ የደበቀውን ሦስተኛ ሽቦ አውጥታ፣ ጫፉን በፒንሳ ቆርጣና ልጣ አዘጋጀችው። አዲሱ ዲመር ባለ ሦስት መያዣ፣ ለኤል.ኢ.ዲ. የተሠራና ዝቅተኛ ጭነቱ 5 ዋት የሆነ ነው። ናስትሮ ያለበትን ሽቦ በዋናው መያዣ፣ የቀሩትን ሁለቱን በሁለቱ መያዣዎች አሠረች። እያንዳንዱንም ሽቦ ጎተት አድርጋ መጥበቁን አየች። የላላ ሽቦ ይግላል፤ የጋለ ሽቦ ደግሞ የእሳት አደጋ መነሻ ነው። 

የላይኛውን ማብሪያ አልለወጠችውም። «በእንዲህ ያለ መስመር ላይ አንድ ዲመር ብቻ ነው የሚበቃው፤ ሌላኛው ተራ ባለ ሁለት አቅጣጫ ማብሪያ ይሁን» አለች። ሁለት ተራ ዲመሮች በአንድ መስመር ላይ ቢገቡ አንዱ ሌላውን ያውካል።

አምስተኛ፣ ሦስቱን አምፖሎች ለዲመር በሚሆኑ፣ አንድ ዓይነት በሆኑ ኤል.ኢ.ዲ. አምፖሎች ተካች። የተለያየ ዓይነት አምፖል ቢቀላቀል አንዱ ሲደበዝዝ ሌላው ሊርገበገብ ይችላል።

ስድስተኛ፣ ብሬከሩን መልሳ ፈተና አደረገች። ፈተናው አራት ነው። ታች አብርቶ ላይ ማጥፋት፤ ላይ አብርቶ ታች ማጥፋት፤ ታች አብርቶ እዚያው ታች ማጥፋት፤ ላይ አብርቶ እዚያው ላይ ማጥፋት። አራቱም ያለ እንከን ከሠሩ መስመሩ ትክክል ነው። ከአራቱ አንዱ እንኳ ካልሠራ ሥራው አላለቀምና ሒሳብ አይከፈልም።

የመጨረሻውን ፈተና ያደረጉት አሮጊቷ ናቸው። በደህናው እጃቸው የደረጃውን መደገፊያ ይዘው ወጡ፤ ላይ ቆመውም በጀሶ ከታሰረው እጃቸው በወጡት ጣቶች ማብሪያውን ተጫኑ። በራ። አጠፉት። ደግመው ተጫኑ። በራ። «ይህ ነው እንጂ!» አሉና ልጃቸውን ዞር ብለው አዩአት። እህታችን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ባለሙያ ስትጠሩ የምትጠይቁት

ውድ እናቶች፣ ዕውቀት የሌለው ገዢ ያገኘውን ይቀበላል። ባለሙያ ስትጠሩ እነዚህን ነገሮች አትርሱ።

«የብቃት ማረጋገጫ ወረቀት አለህ?» ወይም «አለሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ነውር አይደለም። ሐኪም ዘንድ ስንሄድ የምንተማመነው በትምህርቱ እንደሆነ ሁሉ፣ ቤታችንን የምንሰጠውም ለተማረ እጅ ነው።

መብራቱ ከሁለት ቦታ የሚታዘዝ መሆኑን አስቀድማችሁ ተናገሩ። ዕቃ ስትገዙም አሮጌውን ማብሪያ ወይም የጀርባውን ፎቶግራፍ ይዛችሁ ሂዱ። መርካቶም ሆነ በሰፈራችሁ ሱቅ፣ «ዲመር ስጡኝ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ «ባለ ሦስት መያዣ፣ ለኤል.ኢ.ዲ. የሚሆን» በሉ። ዝቅተኛና ከፍተኛ ዋቱን አንብቡ። የአምፖሎቻችሁን ዋት ደምራችሁ በሁለቱ መካከል መውደቁን አረጋግጡ።

የሚሠራው ሰው ብሬከሩን ሳያወርድ ከጀመረ ሥራውን አስቁሙ። «እኔ ለምጄዋለሁ» የሚል መልስ አትቀበሉ። ከሞተ በኋላ የሚጠየቀው ልማዱ ሳይሆን ቤተሰቡ ነው።

ሽቦ ጠቅሎ ወደ ግድግዳ ሲከት ካያችሁ ምክንያቱን ጠይቁ። አራቱን ፈተና ራሳችሁ ሳታደርጉ አታሰናብቱት።

ከቆጣሪው ወዲህ፣ በቤት ውስጥ ያለው መስመር የባለቤቱ ኃላፊነት መሆኑንም አስታውሱ። ዛሬም በልማድ «መብራት ኃይል» የምንለው ድርጅት በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሎ፣ ለደንበኞች ኃይል የሚያቀርበው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሆኗል። በቆጣሪው ወይም በውጭው መስመር ላይ ችግር ካለ በ905 መጥራት ይቻላል። የደረጃችሁ ማብሪያ ግን የእናንተው ጉዳይ ነው።

አቅም ለሌለው ቤት

ሁሉም ቤት ዲመር ያስፈልገዋል ማለታችን አይደለም። ለኤል.ኢ.ዲ. የሚሆን ዲመርና አምፖል ከተራው ይወደዳል። አቅም ካነሰ ዲመሩን አስወግዶ በቦታው ተራ ባለ ሁለት አቅጣጫ ማብሪያ ማስተከል ይቻላል። ሦስቱ ሽቦዎች ያው ናቸውና ግድግዳ መፈልፈል አያስፈልግም። ለሌሊት ደግሞ ሶኬት ላይ የምትሰካ አንዲት ትንሽ የሌሊት መብራት በደረጃው ግርጌ ማድረግ ይበቃል። ዋናው ነገር ብርሃኑ ማማሩ ሳይሆን፣ ሰው በተጫነበት ቦታ ሁሉ መታዘዙ ነው። በደረጃው ጠርዝ ላይ ነጭ ቀለም መቀባት፣ መደገፊያውንም ማጥበቅ ከብዙ መብራት በላይ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ። መብራት በሚሄድበት ሌሊትም ከአረጋውያን አልጋ አጠገብ ባትሪ አይታጣ።

አደጋ ቢደርስ

ሰው ኤሌክትሪክ ሲይዘው በእጃችሁ አትንኩት፤ እናንተንም ይይዛችኋል። በመጀመሪያ ብሬከሩን አውርዱ። ይህ ካልተቻለ ደረቅ ነገር ላይ ቆማችሁ በደረቅ እንጨት ወይም በፕላስቲክ ወንበር ከሽቦው አላቅቁት። ትንፋሽ ከሌለው የልብና የትንፋሽ እርዳታ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይጀምር፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስም በ907 ይጠራ። በኤሌክትሪክ የተቃጠለ ሰው ቁስሉ ከውጭ ትንሽ ቢመስልም በውስጡ የከፋ ጉዳት ሊኖር ስለሚችል ቅቤም ሆነ የጥርስ ሳሙና ሳትቀቡ ወደ ሕክምና ውሰዱት። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ሥር ያለው አቤት ሆስፒታል ለቃጠሎና ለድንገተኛ አደጋ የተቋቋመ ነው። ከማብሪያ ጭስ ከወጣ ወይም እሳት ከተነሣ ኃይሉን አጥፉ፣ ውሃ አትርጩ፣ ለእሳትና ድንገተኛ አደጋ በ939 ደውሉ።

ልጆችንም አስተምሩ። ሽፋኑ የተሰበረ ማብሪያ፣ በእርጥብ እጅ የሚነካ ሶኬት፣ የሚሞቅ ዲመር አደገኛ መሆኑን ይወቁ። ዲመር በእጅ ሲነካ ለብ ማለቱ የተለመደ ነው፤ እጅ የሚያስለቅቅ ሙቀት ካለው ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ካመጣ ግን ዛሬውኑ ይጥፋ።

ውድ እናቶችና እህቶች፣ የጳውሎሷ እህታችን እናት አንጓቸው እየዳነ ነው። ደረጃውም ሌሊት ሌሊት እንደ ቀድሞው ደብዘዝ ብሎ ይበራል። እኛ ግን አንድ ነገር አደራ እንላለን። ዛሬ ማታ ልጆቻችሁ ከመተኛታቸው በፊት በቤታችሁ ያለውን የደረጃ ወይም የኮሪደር መብራት አራቱን ፈተና ፈትኑት። ከአራቱ አንዱ ካልሠራ «በኋላ» አትበሉ። በኋላ የሚለው ቃል ጳውሎስ ላይ የአንዲት እናት እጅ ሰብሯል።

እስከ ሳምንት ቸር ይግጠመን።